መስከረም ጠባ፤ ልጆቼን የት ላውጣቸው? (አራት ኪሎ፣ ቀበና፣ ፒያሳ አካባቢ)

የቀበና እናት | መስከረም 20፣ ማታ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁም። ልጆቹ ተኝተውልኝ ነው የምጽፈው፤ ረዘም ቢልባችሁ ታገሱኝ።

የምንኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አራት ተከራዮች ነን። የኛዋ አንድ ክፍል ናት፤ አራት በአራት፣ አልጋው በመጋረጃ ተለይቶ። ትልቁ አምስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ዓመት ከስድስት ወር ሞልቷታል። ክረምቱን እንዴት እንደተወጣነው እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ዝናቡ ሲያባራ ጭቃ። ልጆቹ ደፍ ላይ ቁጭ ብለው ከቆርቆሮው የሚወርደውን ውሃ ሲያዩ ነው የከረሙት። ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነበር። ስልኬንም ሰጥቻቸዋለሁ፤ ሌላ የምሰጣቸው አልነበረኝም።

አሁን ሰማዩ ጠራ። እሁድ፣ የመስቀል ማግስት፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ላሰጣው አውጥቼ ስገለብጠው ሥሩ ሻግቷል። ጥቁር ነጠብጣብ ነው፣ ጣት ሲያርፍበት እንደ ዱቄት ብን ይላል። ልክ ልጆቹ በሚተኙበት በኩል። ሦስት ወር ሙሉ አፍንጫቸውን ደፍተው ያደሩት እሱ ላይ ነው። ልጆቹ እንዳያዩኝ ፍራሹ ጀርባ ዞሬ አለቀስኩ።

ትንሿ ደግሞ እስካሁን ድክ ድክ አላለችም። አልጋውን ይዛ ትቆማለች፣ ከዚያ ወዲያ እግሯን አታነሳም። ለክትባት የወሰድኳት ጊዜ ባለሙያዋ እግሯን አይታ "ፀሐይ ታገኛለች?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ።

ችግሬ ግቢው ነው። አከራያችን ልጆች ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ አይወዱም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ጥግ ላይ ጽጌረዳ፣ ጤና አዳምና ዳማከሴ ተክለዋል፣ ከሱ ሌላ ጨዋታ የላቸውም። አምና ትልቁ በኳስ የጽጌረዳውን ቅርንጫፍ ሰበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ በሩን ገና ሲያልፉ "ግቡ!" ይላሉ። ትልቁ አሁን ድምፃቸውን ሲሰማ ራሱ ወደ ቤት ይሮጣል፤ ሳልነግረው። እሱ ነው ከሁሉ የሚያመኝ።

እኔ ከቤት የምወጣው 1፡30 ነው፣ የምመለሰው 12 ሰዓት። አባታቸው ፈረቃ ነው የሚሠራው። ቀን እህቴ ናት የምትይዝልኝ። እናንተ መሀል ከተማ ያላችሁ፣ የራሳችሁ ግቢ የሌላችሁ፣ እንዴት ነው የምታደርጉት? ቤት ቀይሪ እንዳትሉኝ ብቻ፤ የኪራዩን ዋጋ ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛ ፎቅ | መስከረም 20፣ ማታ 4፡15

እህቴ፣ አይዞሽ። የኔም ፍራሽ አምና እንደዚያው ነበር። መሬቱ ሲሚንቶ ከሆነና ፍራሹ መሬት ላይ ወይም ጣውላው በተገጣጠመ አልጋ ላይ ከሆነ፣ የልጆቹ ላብና የክረምቱ እርጥበት መውጫ ስለሚያጣ ከሥር ይሻግታል። ያንቺ ስንፍና አይደለም።

እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ውጭ አውጥቼ፣ አፍና አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ በደረቅ ብሩሽ አራገፍኩት፤ ልጆቹን አርቄ። ከዚያ ነጭ ኮምጣጤ በውሃ ቀጥኜ፣ ጨርቅ ነክሬ፣ በደንብ ጨምቄ ወለወልኩት። ማራስ የለብሽም፣ ስፖንጅ ውሃ ከጠጣ አይደርቅም። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አዋልኩት፣ እያገላበጥኩ። አደራ፣ በረኪናና ኮምጣጤ አንድ ላይ እንዳትጠቀሚ፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ጥቁሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከሆነ ግን ቆርጠሽ ጣይው፣ ልጆች ባይተኙበት ይሻላል። ከሥሩ አየር እንዲገባ እኔ ሰፈር ያለ አናጢ በቁርጥራጭ እንጨት ርብራብ ሠርቶልኛል፤ ዘንድሮ ክረምቱን ያለ ሻጋታ ወጣሁ።

ስለ ግቢው ምን እንደምል አላውቅም። እኔ ፎቅ ላይ ነኝ፣ ልጄ ከበረንዳ ፍርግርግ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው።

እሽኮኮ | መስከረም 21፣ ጠዋት 1፡05

እኔ አባት ነኝ፣ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፣ ቤታችን አራት ኪሎ ጀርባ ነው፣ ግቢ የለንም። ያገኘሁት መፍትሔ እግር ነው። እሁድ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት እሽኮኮ አድርጌያት እወጣለሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ያለው መንገድ ከተሠራ ወዲህ የእግረኛው በኩል ሰፊ ነው፣ ለልጅ ይመቻል። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ስንደርስ አወርዳታለሁ፤ በፍርግርጉ አጮልቃ ወንዙን ታያለች። ነሐሴ ላይ እንደ ሻይ ጠቁሮ እያጓራ ነበር፣ አሁን ጎድሎ ድንጋዩ ታይቷል። "አባ፣ ውሃው የት ሄደ?" ትለኛለች በየሳምንቱ። በየሳምንቱ ሌላ መልስ እሰጣታለሁ፣ ሁሉንም ታምነኛለች።

ወደ ላይ ማለት ካሰኘን ደግሞ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። ልጅ ሙዚየም ምን ያደርግለታል እንዳትሉ፤ ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ አለ፣ ጥላ አለ፣ መኪና የለም። ባለፈው ድንቅነሽን አሳየኋት። በ1967 ዓ.ም አፋር፣ ሐዳር ላይ እንደተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆናት በሚገባት መንገድ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና "እናቷስ የት አለች?" አለችኝ። እስከ ቤት ድረስ ስናወራበት መጣን።

መስቀል አደባባይም እሁድ ጠዋት ጥሩ ነው። "መንገድ ለሰው" በ2011 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ በወር አንዴ መንገዶቹ ለመኪና ሲዘጉ ልጄ ሳይክል የለመደችው እዚያ ነው፣ በተከራየነው።

ነርስ ነኝ | መስከረም 21፣ ቀን 7፡30

የቀበና እናት፣ ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው፤ ከግቢው በፊት የልጅቷን ነገር እናውራ።

ሕፃናት ብቻቸውን የሚራመዱበት ጊዜ ይለያያል። በዘጠኝ ወሩ የሚሄድ አለ፣ ዓመት ከአምስት ወር የሚቆይም አለ። ዓመት ከስድስት ወር ሞልቷት ይዛ ብቻ የምትቆም ከሆነ ግን፣ ፀሐይ አሞቃታለሁ እያልሽ አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት ሐኪም ይያት። የእጇ አንጓ ወፈር ብሎ እንደሆነ፣ የጎድን አጥንቷ ጫፍ ጫፉ እንደ መቁጠሪያ ጉብ ጉብ ብሎ እንደሆነ፣ እርግብግቢቷ ገና ሰፊ ከሆነ፣ ጥርሷ ከዘገየ፣ እግሯ ከጎበጠ የቫይታሚን ዲ እጥረት ሊሆን ይችላል። አጥንት ያለ እሱ አይጠናም። በጊዜ ከተደረሰበት የሚታከም ነው፣ አትደንግጪ። ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላልና ገምተሽ መድኃኒት አትግዢ፤ መጠኑን ሐኪም ነው የሚወስነው።

ሀገሩ ፀሐይ ሆኖ ይህ ችግር ለምን በዛ ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ልጆቻችን ከፀሐይ ተደብቀው ስለሚያድጉ ነው። ቡዳ እንዳያይ፣ ብርድ እንዳይመታው እየተባለ ሕፃኑ በጋቢ ተጠቅልሎ ጓዳ ይከርማል። "መስኮት ላይ አሞቀዋለሁ" የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። በመስታወት የሚገባ ፀሐይ ለዚህ አይቆጠርም። መስታወቱ ሙቀቱን ያሳልፋል እንጂ ቆዳ ቫይታሚኑን የሚሠራበትን ጨረር ያስቀረዋል። ውጭ መውጣት አለባት። እጅና እግሯን ገልጠሽ፣ ጭንቅላቷን በኮፍያ ሸፍነሽ፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 4 ሰዓት ባለው ውስጥ ሃያ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት። ቀትር ላይ አይሁን፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ የቀትሯ ፀሐይ የሕፃን ቆዳ ያቃጥላል። እህትሽ ቀን ቤት ካለች ይህ በሥራ ቀንም ይቻላል ማለት ነው።

ሌላው፣ አሁን ሌሊቱ ብርድ ቀኑ ሙቀት ስለሆነ ክፍላችን በጉንፋንና በሳል ተሞልቷል። ሁላችሁም ይቺን ያዙልኝ፦ ልጁ ሲያስለው፣ ተኝቶ ወይም ረጋ ብሎ ሳለ ልብሱን ገልጣችሁ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ማደር የለበትም፤ ያኔውኑ ውሰዱት። እንጥል ማስቆረጥ አይታሰብ። ዓመት ላልሞላው ልጅም ማር አትስጡ።

የሁለት መንታ አባት | መስከረም 21፣ ቀን 9፡10

ለነርስ ነኝ፦ እግዜር ይስጥልን። እናቴ ልጆቹን ፀሐይ ላይ በቅቤ ታሻቸዋለች፣ አፍንጫቸውም ላይ ጠብ ታደርጋለች። ይከፋል?

ነርስ ነኝ | መስከረም 21፣ ማታ 1፡20

ማሸቱ ጥሩ ነው፣ ልጁም ይወደዋል፣ እናትዎም ይደሰቱ። አፍንጫ ውስጥ ግን ቅቤም ዘይትም የዳማከሴ ጭማቂም አይግባ። ወደ ሳንባ ወርዶ ከባድ የሳንባ በሽታ ያመጣል። በአክብሮት ይንገሯቸው፤ እናቶች ምክንያቱን ሲሰሙ እሺ ይላሉ።

ሕግ ይከበር | መስከረም 22፣ ጠዋት 4፡00

የሁላችሁንም አነበብኩ። ማንም ዋናውን አልተናገረም። ኪራይ እየከፈለች ልጇ ደጅ መውጣት የሚከለከለው በምን ሕግ ነው? የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ውልሽ ከተመዘገበ ልጆችሽ ስለተጫወቱ ብቻ ተነሥተው ውጪ ሊሉሽ አይችሉም። ፈርተሽ አትኑሪ። እኔ ያደግኩት አከራይ በመጣ ቁጥር እናቴ አፋችንን በእጇ እየያዘች ነው፤ የዛሬ ልጆች ያንን እንዲደግሙት አልፈልግም።

የልጅ ልጆች አያት | መስከረም 22፣ ማታ 2፡30

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እየነገርኳት።

እኔም አከራይ ነኝ። ሁለት ክፍል አከራይቼ ነው የምኖረው። ስለዚህ ያቺ ሴትዮ ምን እንደሚሰማት አውቃለሁ። ልጅ ጠልተን አይደለም። ሰው ሲያረጅ ድንገተኛ ነገር ያስደነግጠዋል። ኳስ በሩን ሲመታ ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አይስተካከልልኝም። ደግሞ ብቻውን የሚኖር ሰው የተከለው ነገር ልጁ ነው። ጽጌረዳዋ ስትሰበር ያቺ ሴትዮ "አበባ ነው እኮ" ሲባል ሰምታ ይሆናል። አበባ አይደለም።

ወንድሜ ሕግ ይከበር፣ ያልከው እውነት ነው፣ ሕጉም መልካም። ግን በአንድ ቧንቧ እየቀዱ፣ በአንድ በር እየገቡ በሕግ ብቻ አይኖርም። ልጄ የቀበና እናት፣ እኔን ብትሰሚኝ እሁድ ቡና አፍይና ጥሪያቸው። እሳቸው ቤት ሄደሽ አይደለም፣ አንቺ ቤት ይምጡ። ያቺን አራት በአራት ክፍል በዓይናቸው ይዩአት። ፍራሹንም ይዩት። ከዚያ "እትዬ፣ ልጆቼ ሁልጊዜ ይውጡ አልልዎትም፤ የትኛው ሰዓት ነው እርስዎን የማያስቸግርዎ?" በያቸው። ሰዓቱን ራሳቸው ይምረጡት። ራሱ የመረጠውን ሰው ያከብራል። ለትልቁም አንድ ሥራ ይስጡት፣ ተክል ማጠጣት። የሰበረውን የሚያለማው እሱ ይሁን።

እኔ አምስት ልጅ ያሳደግኩት እሪ በከንቱ ነው፣ ከአሥራ ሦስት ጎረቤት ጋር በአንድ ግቢ። መስከረም ሲጠባ ሁላችንም ፍራሽ፣ ጋቢ፣ ቡልኮ በአንድ ቀን ነበር የምናወጣው። ግቢው ሙሉ ልብስ ነው። ልጆቹ በተሰጣው መሀል ድብብቆሽ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ ስንዴ እየለቀምን አንድ ዓይናችን እነሱ ላይ ነው። የማን ልጅ ነው የሚባል አልነበረም፤ ያጠፋውን በአጠገቡ ያለች ትቆጣዋለች፣ የራበውን በአጠገቡ ያለች ታጎርሰዋለች።

ጥቅምትም እየመጣ ነው። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የተባለው ለልጆችም ነው። አቅም ያለሽ ቀን አንድ አጥንት ቀቅለሽ መረቁን በገንፎ ስጪያት፣ እንቁላልም አይጥፋባት።

የካዛንቺስ ልጅ | መስከረም 22፣ ማታ 3፡10

እማማ፣ የግቢው ልብስ ያሉት ቦታ ላይ አለቀስኩ። እኛ ከካዛንቺስ ከተነሣን ዓመት አለፈን። አዲሱ ቤት ንጹሕ ነው፣ ውሃም አለው፣ አላማርርም። ግን ልጄ በነጋ በጠባ ቁጥር በር ከፍቶ ኮሪደሩን ያይና መልሶ ይዘጋዋል። የሚጠራው ልጅ የለም። ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ሥዬለት ነበር፣ ጽዳቷ አጠፋችው።

ሦስተኛ ፎቅ | መስከረም 23፣ ጠዋት 2፡50

ለካዛንቺስ ልጅ፦ እኛ ብሎክ ላይ እንደዚያው ነበር። ሦስት እናቶች ተነጋግረን ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ በራችንን ከፍተን መተው ጀመርን። ልጆቹ ራሳቸው ፈላለጉ። አሁን ከደረጃው ሥር እቃቃ ዘርግተው ይውላሉ፤ በቆርኪ ወጥ ይሠራሉ፣ ላስቲክ እንጀራ ነው። ሌላ ያደረግነው ነገር የለም።

አዲስ መምህርት | መስከረም 23፣ ከሰዓት 10፡20

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና ልጠይቅ፦ ለኬጂ ልጆች ወቅቶችን ላስተምር ነው። ይህንን የአሁኑን ፀደይ ልበል ወይስ መፀው? ወላጆች ሁለቱንም ይነግሯቸዋል።

የልጅ ልጆች አያት | መስከረም 23፣ ማታ 1፡45

በባሕረ ሐሳቡ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ዘመነ መፀው ነው፣ የአበባው። ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ ከክረምቱ በፊት ነው። ሰው ግን አደይ አበባን ሲያይ ፀደይ ማለት ለምዷል። ልጆቹን አበባውን አሳዪያቸው። ስሙን ቀስ ብለው ይደርሱበታል።

የቀበና እናት | ጥቅምት 10፣ ማታ 3፡25

ቆየሁባችሁ። ብዙ ነገር ስለሆነ በሥርዓቱ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ትንሿን ሐኪም አይቷታል። ነርስ ነኝ ያልሽው ልክ ነበር፤ አንጓዋን ነክቶ ነው ወዲያው የጠረጠረው። ምርመራ ታዘዘ፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት ሆነ። መድኃኒት ጀምራለች፣ ቀጠሮዋ ታኅሣሥ ላይ ነው። ሐኪሙ "ጥሩ ጊዜ ነው ያመጣሻት" አለኝ። እናንተ ባትነግሩኝ ኖሮ እስከ ጥምቀት እጠብቅ ነበር። እህቴ አሁን ሁልጊዜ 2፡30 ላይ ታወጣታለች፣ ደፉ ላይ ሳይሆን ግቢው መሀል።

እንዴት ግቢው መሀል ትሉኝ ይሆናል። እማማ እንዳሉኝ አደረግኩ። ጥቅምት 2 እሁድ ነበር፣ ቡና አፍልቼ ትልቁን ልኬ አስጠራኋቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። ሦስት ዓመት ስንኖር እኛ ቤት ገብተው አያውቁም። መቀመጫ ስለሌለን አልጋው ላይ ነው የተቀመጡት። አቦል እስኪጠጡ ምንም አላሉም፤ ዓይናቸው ግን ይዞራል፣ መጋረጃውን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የልጆች ልብስ፣ ጥግ ላይ ያለውን ጀሪካን። ትንሿ እየዳኸች መጥታ ቀሚሳቸውን ይዛ ቆመች። አጎንብሰው እግሯን በሁለት እጃቸው ያዙት። ልክ እንደ ሐኪሙ አንጓውን፣ ቅልጥሙን ዳበሱት። "የኔም የመጀመሪያዋ እንዲህ ነበረች" አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

የሰዓቱን ነገር ሳነሣ አላስጨረሱኝም። ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ይውጡ፣ እኔ ያን ጊዜ ነቅቼ ጸሎቴን ጨርሻለሁ አሉ። ከሰዓት 8 እስከ 10 ይተኛሉ፣ ያኔ ዝም እንድንል። ኳስ ግቢ ውስጥ የለም። የሌሎቹ ተከራዮች ልጆችም እንደዚሁ። ሦስቱም ቤቶች ተስማምተዋል።

ትልቁ ተክል ያጠጣል። የኃይላንድ ክዳን በሚስማር በስተንለት እሱን ነው የሚጠቀመው። እሁድ እሳቸው አጠገቡ ቆመው "ቅጠሉን አይደለም፣ ሥሩን" ሲሉት ሰማሁ። "እሺ እትዬ" አለ። "ግቡ!" ሲሉት እንኳ መልሶላቸው የማያውቅ ልጅ።

ፍራሹን ግማሹን ቆርጬ ጣልኩት፣ የተረፈውን ሦስተኛ ፎቅ እንዳልሽው አድርጌ ርብራብ አሠራሁለት። ዋጋው ያሰብኩትን ያህል አልነበረም።

ሕግ ይከበር፣ ውላችንንም አስመዝግበናል፣ እሳቸውም ፈቅደው። እሱን ስላነሣህ አመሰግንሃለሁ፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ ነገር ነበር።

እሽኮኮ | ጥቅምት 11፣ ጠዋት 1፡30

ጠዋቴን አሳመርሽው። አራት ኪሎ ላይ አተር እሸት መጥቷል፣ ከነሐረጉ በእስር በእስሩ ይሸጣሉ። ለትልቁ ገዝተሽ ስጪው። ልጄ ቆባውን በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው "ጧ" ሲል ትደነግጥና ትስቃለች፤ ከዚያ ፍሬዎቹን በመደዳ ትቆጥራለች፣ ሰባት ያለውን ለእናቷ ታስቀምጣለች። አንድ እስር አንድ ሰዓት ያቆያታል፣ ያለ ስልክ።

ነርስ ነኝ | ጥቅምት 11፣ ቀን 6፡45

የቀበና እናት፣ ደስ ብሎኛል፣ በጣም። መድኃኒቱን ሐኪሙ ካዘዘው ጠብታ አታሳንሺም አታስበልጪም፤ ሲበዛም ይጎዳል።

እሸቱን ለትልቁ አዎ። ለትንሿ ግን ጥሬ አተርም ሽምብራም ቆሎም ኦቾሎኒም ገና ነው፤ ትንታ ይገድላል። ቀቅለሽ በሹካ ደፍጥጠሽ ስጪያት።

የሁለት መንታ አባት | ኅዳር 9፣ ማታ 2፡00

ክሩን ሳነሣው ይቅርታ። ዓርብ ኅዳር 12 ነው። አንደኛው መንታ አስም ቢጤ አለበት፣ ባለፈው ዓመት ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ሌሊቱን ኦክስጅን ላይ ነው ያደረው። እናቴ ደግሞ ካልታጠነ በሽታ ይገባል ትላለች። ምን ላድርግ?

የልጅ ልጆች አያት | ኅዳር 9፣ ማታ 3፡00

ልጄ፣ እናትህ የምትለው ከመሬት የተነሣ አይደለም። በ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ፈጅቷት ነበር፣ ዓለምን የዞረው ወረርሽኝ ነው። እናቴ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሆኖ ነበር እያለች ከእናቷ የሰማችውን ትነግረን ነበር። ያኔ ሰፈር ተጠርጎ ቆሻሻው ተቃጠለ፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሚካኤል ዕለት ኅዳር ይታጠናል። ያን ጊዜ ግን የሚቃጠለው ገለባ፣ ቅጠልና ጨርቅ ነው። ዛሬ ላስቲክና ዳይፐር ነው። እናትህን "መጥረጉን እኛ እናድርገው፣ ማቃጠሉን እንተወው" በላት። ዋናው መጥረጉ ነበር።

ነርስ ነኝ | ኅዳር 10፣ ጠዋት 1፡15

እማማ ጨርሰውታል። ከዚያ ሌላ፣ ሐሙስ ማታ ጀምሮ መስኮቱን ዝጉ፣ ከበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ አድርጉ፣ የሚነፋው መድኃኒቱ አለመጨረሱን ዛሬውኑ እዩ። የሚቻል ከሆነ ሕፃኑን ጭስ ወደማይበዛበት ዘመድ ቤት አሳድሩት።

የቀበና እናት | ኅዳር 13፣ ጠዋት 4፡20

መንታዎቹ እንዴት አደሩ?

እኛ ግቢ አልተቃጠለም። ትናንት ጠዋት እትዬ ራሳቸው መጥረጊያ ይዘው ወጡ፣ አራታችንም ቤት ወጣን፣ ጠረግን፣ በማዳበሪያ ሞልተን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሰጠን። ልጆቹም የደረቀውን ቅጠል ሲለቅሙ አረፈዱ።

ትንሿ ብቻዋን ገና አልሄደችም። ከረቡዕ ጀምሮ ግን የእትዬን የፕላስቲክ በርጩማ እየገፋች ከደጃችን እስከ ቧንቧው ትደርሳለች። መመለስ አልቻለችበትም፤ እዚያ ስትደርስ ቁጭ ብላ ትጣራለች፣ ቀረብ ያለው ሄዶ አዙሮላት ይመጣል።

የሁለት መንታ አባት | ኅዳር 13፣ ቀን 6፡05

ሁለቱም ደህና አድረዋል። አክስታቸው ጋ ነበርን። እናቴም አብራን መጣች።